ስለ መሬት ስንጥቅ የጠየቀው ሰው

መምህር ደምለው ሸሕዲ የመጣው ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር። ሁለቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ። መጀመሪያ መጀመሪያ በየሰኔው የዝውውር ማመልከቻ ያስገባ ነበር፤ ኋላ ማስገባቱን ረሳው፤ ከዚያ ወዲያ መርሳቱም ትዝ አላለውም። ጎንደር ያጫት ልጅ ሌላ ማግባቷን በስልክ ሲነግሩት «እሺ፣ መልካም» ብሎ ዘጋና የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ማረሙን ቀጠለ። የሰሙት ሰዎች ክፉ ነው አሉት። ክፋት ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ ደምለው ዘንድ ያ ጉልበት አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኖ ነበር፤ ቢነኩት የሚያውቀው መነካቱን ብቻ ነው።

አንድ ሥራ ግን በየቀኑ ሳያቋርጥ ይሠራ ነበር። ፌስቡክ ላይ «ሳይንስ እንጠይቅ» የሚል መድረክ ነበረው። በ2003 ዓ.ም. ሲከፍተው አባላቱ የራሱ ተማሪዎችና አራት አስተማሪዎች ነበሩ። ያኔ ሰውየው ሌላ ሰው ነበር። አንድ የማያውቀው ልጅ ከደብረ ታቦር «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ወተት ጠብ አድርጎ፣ በባትሪ እያበራ፣ ፎቶ እያነሳ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያስረዳ ዋለ። ከደስታው የተነሳ ምሳውንም አልበላ።

በ2007 አባላቱ ሃያ ስድስት ሺህ ደረሱ። ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሆነም ከመቶ ጊዜ በላይ ተጠየቀ። አዲስ ገቢ ሁሉ ጥያቄውን መጀመሪያ ያሰበው እሱ ይመስለዋል። «መሬት የምትዞር ከሆነ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ካርቱም ከሥሩ አትመጣለትም ወይ?» «በረዶ ብርድ ልብስ ቢያለብሱት ይሞቀዋል?» «ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ ለምን በባትሪ አላበራልንም?» «መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ የት ይሄዳል?» ይህ የመጨረሻው እንኳ ደህና ጥያቄ ነበር፤ ግን ማን ልብ ይበለው። ደምለው ሠላሳ አንድ መልሶች አዘጋጅቶ ስልኩ ላይ በቁጥር አስቀመጠ። ጥያቄ ሲመጣ ግማሹን ያነብና ቁጥሩን ፈልጎ ይለጥፋል። ሄሊኮፕተሩ ቁጥር አምስት ነው። በረዶው ቁጥር ሃያ ሁለት። ከላይ ደግሞ ሕግ ለጥፏል፤ ጀማሪ ሳያነብ እየደጋገመ ከጠየቀ ወይም መልስ ተሰጥቶት ከተከራከረ ይባረራል። አድሚኑ እሱ ብቻ ስለሆነ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ሰው አልነበረም።

የቀረችለት ጨዋታ የምሳዋ ብቻ ነበረች። የመኪና መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት አስተማሪዎቹና የሆስፒታሉ ሠራተኞች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ። ደምለው የቀኑን ሞኝ ጥያቄ መርጦ ያነብላቸዋል፤ እነሱ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም፤ ያነባል እንጂ። ሲስቁ ማየት ግን ቀኑን እንደ መግፋት ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ አድሚን። ዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጣጠቅ ከስንጥቁ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። በእጄ ለካሁት፣ እውነት ነው። ይህ አየር ከየት ይመጣል? ሰው አጠገቡ ቢተኛ ሳንባ ይጎዳል ወይ?» የጠያቂው ስም ዋሴ ይላል፤ ፎቶው የአንበሳ ነው።

ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ስላልነበረ ደምለው ራሱ ጻፈ። «ፀሐይ ላዩን እንጂ ጥልቁን አታሞቀውም። ሥሩ እርጥበት አለ። ስለዚህ ይቀዘቅዛል። ሳንባ አይጎዳም። እንዲያውም መብራት ኃይል የማያጠፋብህ ቬንትሌተር ነው፣ ተመቻችተህ ተኛበት። ብቻ አንተ ራስህ እንዳትገባበት።» ሦስት መቶ አርባ ሰው ሳቀ። ጠያቂው «አመሰግናለሁ አድሚን፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። በፊዚክስ በኩል መልሱ እንከን አልነበረውም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ያው አንበሳ ተመልሶ መጣ። «ቁስ አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብላችኋል። ታዲያ ሰው እህል እንቢ ብሎት፣ ክንዱና እግሩ እየመነመነ፣ ሆዱ በግራ በኩል ብቻ እንዴት ይገዝፋል? ያ ቁስ ከየት መጣ?» ደምለው «ቁስ አይፈጠርም» የሚለው ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቁሞ ቁጥር አሥራ አራትን ለጠፈ። ቁጥር አሥራ አራት በክዳን የታፈነ ሻማ ሲቃጠል ክብደቱ የት እንደሚሄድ ነው የሚያስረዳው። ከሥሩ ተሳላቂው ተሰለፈ። «ስንተኛ ወርህ ነው?» አለ አንዱ። «ክርስትና ጥራን» አለ ሌላው።

ዋሴ የመለሰው አንድ መስመር ነው፤ «መልሱን አነበብሁት። ስለ ሻማ ነው። እኔ የጠየቅሁ ስለ ሆድ ነው።»

ደምለው መልስ ተሰጥቶት ተከራከረ ብሎ ዘጋው። ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው፤ ሰው ለማባረር ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የቀኑ ሞኝ ጥያቄ ያጣ ዕለት፣ ምሳ ላይ ይህንኑ አነበበላቸው። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ስርጉት ብቻ አልሳቀችም። ስርጉት የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ እነደምለው ግቢ ተከራይታ ስትኖር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የጎረሰችውን ውጣ፣

«በግራ በኩል ነው ያለው?» አለች።

«ምኑ?»

«ሆዱ። በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው? እስኪ ድገመው።»

ደገመው። ስርጉት እጇን ታጠበች። «ጣፊያው አብጦ ነው። ካላዛር ነው ይኼ ሰው። ሌላስ ምን ጠይቆህ ያውቃል?»

ደምለው ወደ ኋላ ፈልጎ የሚያዝያውን ጥያቄ አገኘው። ስልኩን ሰጣት። ጥያቄውን አነበበች፤ ከዚያ መልሱን አነበበች። ከዚያ ሦስት መቶ አርባውን የሳቅ ምልክት አየችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዋልካ ላይ ነው ያለው፤ እኛው ዘንድ ነው። ደምለው፣ የአሸዋ ዝንቧ የምትኖረው እኮ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ቀን ቀዝቀዝ የሚለው ውስጥ ትደበቃለች፤ ሲመሽ ትወጣና ታጠገቧ የተኛውን ትነክሳለች። በሽታውን የምትሰጥ እሷ ናት። እኛ በየበጋው ከዛፍና ከስንጥቅ ራቁ እያልን ጉሮሯችን ይደርቃል።»

ደምለው ካላዛር የሚባል በሽታ እንዳለ ያውቃል። ሆስፒታሉ አጥር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልፎት ሄዷል። ጥያቄው ግን ስለ ሙቀት መስሎት ስለ ሙቀት መለሰ።

«ካልታከመ ምን ይሆናል?» አለ።

«ይሞታል» አለች ስርጉት። «ከታከመ ብዙውን ጊዜ ይድናል። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ በነፃ ነው። ሰውየው ግን መጥቶ መተኛት አለበት።»

ደምለው የዘጋውን ከፈተ። «ያለህበትን ንገረኝ፤ ቶሎ ሐኪም ያስፈልግሃል» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ አልታየም። በማግስቱም አልታየም። በቆላው የእርሻ አገር ኔትወርክ ያለው ጉብታ ላይ ወይም የትራክተር ተሳቢ ላይ ለወጣ ሰው ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ ጉብታ አይወጣም። ደንግጦ ነበር ቢባል ውሸት ነው። እንደ ማረም ያለ ሥራ ነበር የመሰለው፤ ያልታረመ አንድ ወረቀት ተገኝቶ፣ ፈልጎ ማረም። ትምህርት ቤት ገና ዝግ ስለነበረ ጊዜ አላጣም።

ከአንበሳው ሌላ ዋሴ የለጠፈው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ቢጫ የውኃ ቦቴ ላይ እጁን ደግፎ የቆመ ወጣት። ቦቴው ላይ ነጭ ኮርማ ተስሏል። ደምለው ሸሕዲ የቀን ሠራተኛ የሚቀጠርበት አደባባይ ሄዶ ፎቶውን ለትራክተር ሾፌሮች አሳየ። ሦስተኛው ሾፌር ኮርማውን ዐወቀው። የአንድ የጎንደር ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ነው፤ በገለጉ በኩል ገባ ብሎ። ለአራሚዎች ማሽላ የሚጭን ትራክተር በማግስቱ ይሄድ ነበርና ደምለው ተሳቢው ላይ ጆንያ መሀል ተቀመጠ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በበጋ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ወርደው ገፉ።

የእርሻው ተቆጣጣሪ ንብረት የሚባል ወፍራም ሰው ነው። ፎቶውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ዋሴ? ጥበቃችን ነው እንጅ። ምኑ ነዎት እርስዎ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«አስተምረውት ያውቃሉ?»

 «ትንሽ» አለ።

«ልጁ ከሰኔ ጀምሮ ይተኩሰው ነበር። የወባ ክኒን ሦስት ጊዜ ሰጠነው፤ ወይ ፍንክች። ሥጋው አልቆ ሆዱ ብቻ ቀረ። የዛሬ ሳምንት በሌላኛው መንገድ ወደ ሸሕዲ በሚወጣ ተሳቢ ጫንሁት፤ ካገሩ ሰው ጋር ይገናኝ፣ ቢያንስ አፈር አይጣ ብየ። ተሳቢው ግን ወንዝ ሞልቶበት መሀል መንገድ ቆሟል ነው የሚሉ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።»

ደምለው የሚተኛበትን ቦታ አሳየኝ አለው። ንብረት ከጎጆው ጀርባ ወስዶ በእጁ ጠቆመው። ዝናቡ መሬቱን አጥግቦት ስንጥቁ ሁሉ ገጥሟል። ጥቁር ጭቃና እስከ ጉልበት የደረሰ ሣር ብቻ ነው የሚታየው። ደምለው ጫማው እየሰመጠ ትንሽ ቆሞ አየውና ማደሪያ ይሰጠው ዘንድ ጠየቀ። ሌላ ምን ይጠይቅ።

በማግስቱ ሲመለስ፣ ሸሕዲ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው ስልኩ ነፍስ ዘራ። ስርጉት አምስት ጊዜ ደውላ ነበር። ሲደውልላት «ያንተ ሰው መጣ» አለችው። «ትናንትና ነው፣ በቃሬዛ። ምርመራውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ካላዛር ነው። መርፌውን ጀምረውለታል። ደሙ በጣም አንሷል፤ ገና የሚሆነው አይታወቅም።»

ደምለው ጭቃውን ሳይታጠብ ሆስፒታል ገባ። ዋሴ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ፊቱ ግን የሽማግሌ ነው። እግሮቹ ብርድ ልብሱ ሥር ያሉ አይመስሉም። ከሆዱ በግራ በኩል ብርድ ልብሱ ከፍ ብሏል።

«ማነዎት ጋሼ?»

«አስተማሪ ነኝ። ታመሃል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

አድሚኑ እኔ ነኝ ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር የገባው። አፉ ላይ አድርሶ መለሰው።

ዋሴ የሚጠይቀው በማግኘቱ ደስ አለው። የአስተማሪ ነገር ስለሚወድ ወሬው ሁሉ ስለ ስልኩ ሆነ። ገላባት ገበያ የገዛት አሮጌ ስልክ ነበረችው፤ ጉብታው ላይ እየወጣ የሳይንስ መድረክ ያነብ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። «የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» አለ። «መጀመሪያ የጠየቅኋቸውን አሳምረው መለሱልኝ። ስለ ስንጥቁ። ችግር የለውም፣ ተመቻችተህ ተኛበት አለኝ አድሚኑ። እኔም ለጓዶቼ ነገርኋቸው።»

ደምለው የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ቀጥ አለ። «ለየትኞቹ ጓዶችህ?»

«ምንጣሮ ልንመነጥር በሚያዝያ አንድ ላይ የገባን ነን። ተኔ ጋር አሥራ አንድ። ሙቀቱ አላስተኛ ብሎን ነበር። አድሚኑ የጻፈውን አነበብሁላቸውና መኝታችንን ሁላችንም ወደ ስንጥቁ አዞርነው። እግዜር ያሳይዎ፣ ምን የመሰለ ቅዝቃዜ መሰለዎት።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሰኔ ሲገባ የየራሳቸውን መሬት ሊያርሱ ወጡ እንጅ። ማን በለሳ፣ ማን ጋይንት፣ ማን እብናት። እኔ ብቻ ለጥበቃ ቀረሁ።»

አሥር ሰዎች ካላዛርን የማያውቅ ደጋ ውስጥ ተበትነዋል። ትኩሳት ሲይዛቸው ወባ ነው ይባላሉ፤ ወይም ጠበል ይወሰዳሉ፤ ወይም ምንም አይባሉም። ደምለው ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ስማቸውን ንገረኝ አለው። ዋሴ አንድ በአንድ ነገረው፤ የአባት ስም የማያውቅላቸውም ነበሩ። ቀበሌውን የሚያውቅላቸው አራት፤ ስልክ ያለው አንድ። እሱም ያገሩ የበለሳ ልጅ ቢያድግልኝ ነው፤ ቁጥሩ የእኅቱ ነው።

ደምለው መተላለፊያው ላይ ወጥቶ ደወለ። ሴትየዋ ሁለተኛው ላይ አነሳች። ቢያድግልኝን ፈልጌ ነበር አላት።

«ቢያድግልኝን?» አለች።  «አልሰሙም እንዴ? በፍልሰታ ነው የቀበርነው። ወባ ነው የተባለ። ማን ልበል?»

ደምለው ስሙን መናገር አቃተው። «ቆላ አብሮት የነበረ ሰው ነኝ» አለ። «እግዜር ያጥናችሁ።» ሌሎቹ እንኳ እንዲተርፉ፣ ስሞቹን የጻፈበትን ወረቀት ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ ለስርጉት ሰጣት። ስርጉት ለየወረዳው ጤና ጣቢያ እንዲደወል ወረቀቱን ይዛ ወዲያው ወጣች። እሱ ባዶ እጁን ላቦራቶሪው በር ላይ ቆየ። ወደ ቤት መሄድ ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም፤ ማንም አያውቅም። ቤቱ ሄዶ እግሩን ታጥቦ ቢተኛ እንቅልፍ እንደሚወስደው ያውቅ ነበር፤ ያስፈራው ይኸው ነው። ተመልሶ ገባ።

ዋሴ ዐይኑን ገልጦ እየጠበቀው ነበር። «ቢያድግልኝን አገኙት?»

ደምለው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ተቀብሯል» አለ። «በፍልሰታ።»

ዋሴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ጋቢው ሥር ሲተነፍስ ይታያል። አጠገቡ ያለው በሽተኛ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። በመጨረሻ ዋሴ ፊቱን ሳይገልጥ ተናገረ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት። እሱ አልመጣም ብሎኝ ነበር። እባብ ይወጣበታል፣ እዚሁ ደልዳላው ላይ ይሻለኛል አለኝ። በሳይንስ ተረጋግጧል፣ ሞኝ አትሁን ብየ ምንጣፉን ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ጋሼ።»

ደምለው ደረቱ አካባቢ አመመው። የት እንደሆነ በጣቱ ማሳየት ይችል ነበር። ሲያመው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላወቀም፤ የልጅቷን ሠርግ የሰማ ዕለት እንኳ አላመመውም።

«አንተ አይደለህም» አለ። «አድሚኑ እኔ ነኝ። ተኛበት ያልኩህ እኔ ነኝ። ኋላም የዘጋሁህ እኔ ነኝ።»

ዋሴ ጋቢውን ከፊቱ አወረደው። የደምለውን ፊት አየ፤ ጭቃ የያዘ ጫማውን አየ፤ እንደገና ፊቱን አየ። ይሰድበኛል ብሎ ደምለው ጠበቀ፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«የሆዴንስ?» አለ ዋሴ። «የሆዴንስ ነገር ለምን አልመለሱልኝም?»

«አላነበብኩትም። ሰልችቶኝ ነበር።»

ዋሴ ራሱን ትራሱ ላይ ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

«እኔኮ» አለ፣ «ጥያቄየ የሞኝ ሆኖ መስሎኝ፣ ከዚያ በኋላ ሐኪምም ሳልጠይቅ ቀረሁ።»